ሲኒማቶግራፊው ግን አሪፍ ነው

እነዚህ በትንሽ በጀት ፊልም የሚሰሩ ዳይሬክተሮች ይገርሙኛል፣ ለመብራት ብር የለም፣ ለድምፅ ባለሙያ ብር የለም፣ አልጋ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ለምን ሲባሉ "ታቡ ለመስበር ነው" ይላሉ፣ ያውም ፈገግ ሳይሉ።

ሰውነት ማሳየቱማ የድሮ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 የኤዲሰን ካምፓኒ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲሳሳሙ ቀረፀ፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳን የማትሞላ ፊልም፣ ያኔም ተንጫጩ። ከዛ ሆሊውድ የሄይስ ኮድ የሚባለውን፣ ፊልም ላይ ምን መታየት እንደሌለበት የሚወስን ደንብ፣ አመጣና ከ1934 ጀምሮ አጠበቀው፣ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ለየብቻ አልጋ ላይ ይተኙ ጀመር፣ ልጆቹ እንዴት እንደተወለዱ እንግዲህ ስክሪፕቱ ይወቀው። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ግን ብልጥ ነው፣ በ1946 "ኖቶሪየስ" ላይ መሳሙን ቆራረጠው፣ ትንሽ ይሳሳማሉ፣ ስለ እራት ያወራሉ፣ ስልክ ያነሳሉ፣ ደግሞ ይሳሳማሉ፣ ሳንሱሩ ምን ይበል?

በ1968 ኮዱ ቀርቶ የእድሜ ደረጃ መጣ። እሱም የራሱ ጉድ አለው፣ ጀግናው መንደር ሙሉ ሰው ቢረሽን ደም እስካልተረጨ ድረስ ለልጆች ያልፋል፣ "ብሉ ቫለንታይን" ላይ ግን ባልና ሚስት ተዋደዱና በ2010 ኤንሲ-17፣ ማለትም "ከ18 ዓመት በታች አይገባም"፣ ተለጠፈበት (በኋላ ይግባኝ ብለው አስነሱት)። እንደሱ የተለጠፈበትን ፊልም ብዙ ሲኒማ ቤት አያስገባውም። ለአንዳንዱ ዳይሬክተር ግን እንዲህ ያለ ክልከላ ነፃ ማስታወቂያ ነው፣ በሆዱ "ተመስገን" ይላል።

ቀረፃው ላይ ደግሞ ምንም የሚያሞቅ ነገር የለም። ተዋናዮቹ በቆዳ ቀለም ፕላስተር ተለጣጥፈው፣ መሃላቸው ትራስ ገብቶ፣ አንዷ ባለሙያ ቆማ "ግራ እጅህን ትከሻዋ ላይ፣ አሁን ተንፍሱ" እያለች፣ ከላይ ማይክ የያዘው ልጅ እጁ ዝሎ። ይሄ የባለሙያዋ፣ ኢንቲማሲ ኮኦርዲኔተር የሚባለው ስራ ከ2018 ወዲህ ነው በደንብ የታወቀው፣ ጥሩም አደረጉ፣ ከዛ በፊት ስንቷ ተዋናይ "ለጥበብ ነው" እየተባለች ሳትፈልግ ሰርታለች።

የእውነት ደፋር የምለው ዳይሬክተሩን ሶደርበርግን ነው። በ1989 ገና በ26 ዓመቱ "ሴክስ፣ ላይስ ኤንድ ቪዲዮቴፕ"ን ይዞ ካን ፊልም ፌስቲቫል ሄዶ ትልቁን ሽልማት ፓልም ዶርን ወሰደ፣ ርዕሱን ሰምቶ ሌላ ነገር የጠበቀ ሰው ግን ጉድ ሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ ነው የሚታየው። ምን እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደሚፈሩ፣ ባልየው የማያውቀውን ሁሉ። ይሄ ነው የሚያሳፍረው! ራቁት ሰውማ አይተን ዝም እንላለን፣ ስለሱ አውሩ ስንባል ነው ምላሳችን የሚታሰረው።

ካላመናችሁኝ እንዲህ አይነት ፊልም ካለቀ በኋላ የጥያቄና መልስ ሰዓቱን ቆይታችሁ እዩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጋብቻ፣ ፍላጎት፣ ቅናት ስናይ ቆይተን ዳይሬክተሩ "ጥያቄ ካላችሁ?" ሲል አዳራሹ ፀጥ። በመጨረሻ ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ይነሳል፣ "በጣም ደስ የሚል ስራ ነው፣ ለመኝታ ቤቷ ሲን የተጠቀማችሁት ሌንስ ስንት ነበር?"