እርማት፦ የአክሱሙን ሐውልት ጣሊያን አልቆረጠውም

ወንድሜ፣ ስለ አክሱም ጉብኝትህ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ላርም። «ጣሊያኖች ቆሞ የነበረውን ሐውልት ሦስት ቦታ ቆርጠው ወሰዱት» ብለሃል። አይፈረድብህም፣ እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁት እንደዚሁ ነው።

ሐውልቱ ግን እነሱ ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ወድቆ፣ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። የፋሺስት ጦር ስብርባሪውን ነው እስከ ምጽዋ ጎትቶ መርከብ ላይ የጫነው። የመርከቡ ስም ደግሞ «አድዋ»! ቂም ማለት ይሄ ነው። ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ሮም ላይ ገጣጥመው አቆሙት። ሦስት ቦታ የተከፈለው ለመመለስ ሲነቀል ነው፣ ያውም በድሮው ስብራቱ በኩል። ወሬው የተምታታው እዚህ ጋ ይመስለኛል። በ1997 ዓ.ም. ሦስቱ ክፋዮች በአንቶኖቭ አውሮፕላን በየተራ ገቡ፤ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ።

ይህ ዝርፊያውን አያቀልለውም። ጣሊያን እመልሳለሁ ብላ የፈረመችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ቁጠረው እንግዲህ።

«ከሁሉም ረጅሙ» ያልከውም ልክ አይደለም። እሱ 24 ሜትር ገደማ ነው። ትልቁ፣ ያ 33 ሜትር የሚሆነው፣ ዛሬም እዚያው ተሰባብሮ ተኝቷል። አጠገቡ ቆመህ ፎቶ ተነስተሃል እኮ! ደግመህ ከሄድክ፣ ከሮም የተመለሰውን ግርጌውን እይልኝ። ከድንጋዩ የተፈለፈለች የማትከፈት በር አለች፤ ከሷ በላይ መስኮቶቹ እንደ ፎቅ ቤት ተደርድረዋል።