«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» የእንክብካቤ መለኪያ አይሆንም

ጅማ ውስጥ ቤት የመጣ ሰው እንግዳ ነው። የደም ግፊት ልትለካ የመጣች የጤና ሠራተኛም ብትሆን ያው ናት። ገና ሳትቀመጥ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ጀበናው ይጣዳል። «ቁጭ በይ እንጂ ልጄ፣ ቡና ሳትጠጪማ አትሄጂም!» ከዚህ በኋላ ስለ አገልግሎቱ ማን ቅሬታ ያወራል? እንግዳ ይታማል እንዴ?

ይህን የምለው በአክስቴ ምክንያት ነው። ዕድሜዋ 70ን አልፏል። ስትሮክ ግራ ጎኗን ከያዛት ወዲህ ከአልጋ አትነሳም። ደመወዟን ከመንግሥት የምታገኝ አንዲት ልጅ በየሁለት ሳምንቱ ቤቷ ትመጣለች። ግፊቷን ትለካለች፣ መድኃኒቷን መዋጧን ትጠይቃለች። «እንዴት ነዎት እማማ?» ትላለች። የአክስቴ መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።» ልጅቷ ካርዱ ላይ ምልክት ታደርግና ትሄዳለች።

አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ እናቷን ልታጥባት ስትገለብጣት ከወገቧ በታች የአልጋ ቁስል አየች። ጥልቅ ነበር። የዚያን ወር ካርድ አየሁት። ሁሉም ሳጥን ተሞልቷል። አክስቴን ስንጠይቃት ምን ብትል ጥሩ ነው? «ለልጅቷ እንዳትነግሯት፣ ከሥራ ያባርሯታል።»

እንግዲህ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ብትሰቅሉ፣ ነፃ የስልክ መስመር ብትዘረጉ፣ ይቺን ሴት አታናግሯትም።

ልጅቷ ላይ መፍረድ አልችልም። (እኛ ቤተሰቦቿስ የት ነበርን?) የምትዞረው በእግሯ ነው። የጅማን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጅሬንን ዳገት የሚወጣማ ይበልጥ ያውቀዋል። ደግሞም ጀርባ እይ ብሎ ያዘዛት የለም። እንደ እሷ ያሉትን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚልከው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት። መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ወባ፣ ቲቢ። በስሙ ለአረጋውያን የተመደበ አንድም አልነበረም። ፕሮግራሙ ለእናቶችና ለሕፃናት የሠራውን መካድ ነውር ነው። ግን በእናትና በልጅ ልክ የተሰፋ ልብስ ለአክስቴ አይሆንም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። አቅም ሲባል ብር ብቻ ይመስለናል። ጀርባ ገልጦ ማየት ስንት ብር ይፈጃል?

እንግሊዝ አገር በመንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው የቤት ለቤት እንክብካቤ በ15 ደቂቃ ጉብኝቶቹ ብዙ ሲታማ ቆይቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ጉብኝት በመደበኛነት ከግማሽ ሰዓት እንዳያንስ መከረ። ከዚያ ካጠረ ደግሞ ሠራተኛው አረጋዊውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ግማሽ ሰዓቱን እንቅዳ አልልም፤ እኛ ጋ ቡናው ራሱ ከዚያ በላይ ይወስዳል። መቅዳት ያለብን ሠራተኛ እንዳይቀያየር ማድረጉን ነው። በየጊዜው አዲስ ፊት ከመጣ አክስቴ ልብሷን አትገልጥም።

ከሁሉ በፊት ግን ካርዱ ይቀየር። «እንዴት ነዎት» ብሎ መጠየቁ ይቅር አልልም፣ ለሰላምታ ጥሩ ነው። ለጥራት ግን ጀርባዋ፣ ዳሌዋና ተረከዟ ይታይ። ጠይም ቆዳ ላይ የሚጀምር ቁስል እንደ መጽሐፉ አይቀላም። ይጠቁራል፣ ይሞቃል፣ ይጠጥራል። ስለዚህ በእጅም መዳሰስ አለበት። ማን ነው የሚያገላብጣት? የተለመደው ምክር በየ2 ሰዓቱ ነው። ልጇ ሥራ ስትሄድ ያ ሰዓት በማን እጅ ነው? ይህንን የሚጠይቅ ሳጥን ካርዱ ላይ የለም።

ቋንቋም አለ። እዚህ ከተማ አንዱ ሕመሙን በኦሮምኛ ይናገራል፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሌላው በዳውሮኛ ወይም በየምኛ። ሠራተኛ ሲመደብ ይህ ይታሰብ።

ቁጥጥሩን ሠራተኛዋን የመደበው ቢሮ ራሱ ባያደርገው እመርጣለሁ። የራሱን ካርድ አይቶ ለራሱ ሪፖርት ነው የሚያጨበጭበው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማህበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የታወቀ ነው፤ ተማሪዎቹን ሰፈር ድረስ ይልካል። አንድ የነርስ ተማሪ ከአንድ የዕድር ሰው ጋር ሆኖ፣ ቤተሰቡን አስፈቅዶ፣ ሠራተኛዋን ግን ሳያስጠነቅቅ፣ በወር ጥቂት ቤቶችን ቢያይስ? ዕድሩ እንደሆነ ድንኳን ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ቀደም ብሎ ቢመጣ ምን አለበት?

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ካርዱ እንደገና ሲታተም አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «ጀርባ ታይቷል / አልታየም»። ከጎኑ ሁለት ፊርማ ይኑር፤ አንዱ የሠራተኛዋ፣ አንዱ ያገላበጠው የቤተሰብ ሰው።