ለሮው ፎቶ በየወሩ ልክፈል?

ክርክሩ በሁለት የሠርግ ፎቶ አንሺዎች መካከል ነው። አንጋፋው የስቱዲዮ ባለቤት ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) በየወሩ በሚከፈልበት የአዶቤ ፕሮግራም፣ በላይትሩም፣ ይቀናበር ይላሉ። ወጣቷ ዳርክቴብል በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ትላለች። ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮና ጨምቆ የሚሰጠው ፎቶ) ብቻ ማንሳት እንደማያዋጣ ሁለቱም ስለተስማሙ እሱን ዘለነዋል።

ባለ ላይትሩሙ፦ ከአንድ ሠርግ 2000 ፎቶ ይዤ እወጣለሁ። ሙሽሮቹ ጫጉላቸውን ሳይጨርሱ «ደረሰ ወይ?» ይሉኛል። እኔን የሚያኖረኝ ፍጥነት ነው። አንዱን ፎቶ አስተካክዬ ማስተካከያውን ለ300ው እገለብጣለሁ። ሙሽራዋን ከጀርባዋ ለይቶ ራሱ ይመርጥልኛል፤ ድሮ በብሩሽ ስቀባ የማመሸውን እኔ አውቃለሁ። ዳርክቴብልንም አንድ ቀን ከፍቼው ነበር። የአውሮፕላን መሪ ክፍል መሰለኝ፣ ዘጋሁት።

ባለ ዳርክቴብሏ፦ ጋሼ፣ በአንድ ቀን ማን ለመደ? እኔንም ሦስት ሳምንት አንገቴን አስደፍቶኛል። ለ300 ፎቶ መገልበጥ እኮ እዚህም አለ። ጥር ላይ በቀትር ፀሐይ፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ጠይም ሙሽራ ስንቴ አንስተዋል? ለፊቷ ብርሃን ሲሰጡ ነጠላው ይቃጠላል፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል። ጄፔግ ለአንድ ቀለም ከጨለማ እስከ ብርሃን 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384። ስለዚህ ለነጠላው ብዬ አጨልሜ አነሳለሁ። ፊቷን በኋላ አወጣዋለሁ፣ ነጩን ሲግሞይድ በሚባለው የዳርክቴብል መሣሪያ አለሰልሰዋለሁ። የጥለቱ ክር ሳይቀር ይታያል። አንድ ብር አላወጣሁም! እርስዎ ግን እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ፣ ያውም በዶላር። ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ደግሞ ክራክ፣ ማለትም ያልተከፈለበት ሕገወጥ ቅጂ፣ ይጭናል፤ መደባበቅ የለም።

ባለ ላይትሩሙ፦ ለክራክ ጥብቅና አልቆምም። የእኔን ውጭ ያለው የእህቴ ልጅ ይከፍልልኛል። ክፍያው ቢቋረጥ ፎቶዎ ይጠፋል ብለሽ ግን እንዳታስፈራሪኝ። ማስተካከያው ክፍል ይዘጋል እንጂ ካታሎጉ (የፎቶዎቹ መዝገብ) ይከፈታል፣ ፎቶውም ወደ ውጭ ይወጣል።

ባለ ዳርክቴብሏ፦ የተዘጋው እኮ ሥራው ነው፣ ጋሼ። ላይትሩም 6ን አንዴ ገዝተው የያዙት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ማሻሻያው ሲቆም፣ ከዚያ ወዲህ የወጣ ካሜራ ሲገዙ ሮው አልከፍትም አላቸው። አፕልም አፐርቸር የተባለውን የራሱን የፎቶ ማቀናበሪያ በ2005 አውጥቶ በ2014 ተወው። ሮው ፋይሉ አልተነካም፤ የዓመታት ኤዲት ግን ሌላ ፕሮግራም ውስጥ እንደነበረ አይገባም።

ባለ ላይትሩሙ፦ የአንቺስ ይገባል? ዳርክቴብል ማስተካከያሽን መዝግቦ ከፎቶው አጠገብ የሚጽፋትን የኤክስኤምፒ ፋይል ላይትሩም ላይ ብከፍታት የሠራሽውን አያሳየኝም። አንቺም እኮ ታስረሻል፣ ልጄ።

ባለ ዳርክቴብሏ፦ ታስሬያለሁ፤ ቁልፉ ግን ኪሴ ውስጥ ነው። የዛሬውን እትም አስቀምጬ ከአሥር ዓመት በኋላም የድሮ ኮምፒውተሬ ላይ እከፍተዋለሁ። ማንም አይቆልፍብኝም።

ባለ ላይትሩሙ፦ እሺ፣ ተክሊልስ? ገና ሳይነጋ፣ በጧፍ ብርሃን፣ ፍላሽ እንዳትተኩሺ ተብለሽ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 ሲገባና ፎቶው አሸዋ የመሰለ ኖይዝ ሲሞላው? በ2023 የመጣው የኤአይ ኖይዝ ማጥፊያ ያንን አሸዋ ጠርጎ የቄሱን ጺም በየፀጉሩ ይመልስልኛል።

ባለ ዳርክቴብሏ፦ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው። የእኔም ለየካሜራው የተለካ ማጥፊያ አለው፣ ግን ጺሙን ትንሽ ያደበዝዘዋል። ቢሆንም ለኅትመት አያሳፍርም። ከፈለጉ አንዱን ይስጡኝና ሠርቼ ላሳይዎ።

ባለ ላይትሩሙ፦ ነገ ስቱዲዮ ነይ፣ አርባ ሮው እሰጥሻለሁ። አንዱንማ ማንም ያሳምረዋል። ሰዓትሽንም ያዢ።