የመኪና ታክስ ይቅር ያሉን እጩ

ዊንሰም ኧርል ሲርስ እ.ኤ.አ. በ2025 ለቨርጂኒያ ገዥነት ሲወዳደሩ እዚህ ቨርጂኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙ ተወራላቸው። ጃማይካ ተወልደው በልጅነታቸው አሜሪካ የገቡ፣ ማሪን ሆነው ያገለገሉ፣ እምነታቸውን የማይደብቁ ሪፐብሊካን ናቸው። አንዳንዱ «እንደኛ ስደተኛ፣ እንደኛ አማኝ» ብሎ ወደዳቸው። ሌላው በፓርቲያቸው ብቻ ጆሮ ነፈጋቸው። ኖቬምበር 4 ቀን በዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ፤ ወሬውም አብሮ ቆመ። የሚቆጨኝ ነገር አለ። ካነሷቸው አቋሞች ሁሉ ኪሳችን ድረስ የሚገባው የመኪና ታክስ ነበር። እሱን በቅጡ ሳንጠይቅ አሳለፍነው።

ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ይህን ታክስ አሳምሮ ያውቀዋል። የመኪናው ዕዳ ተከፍሎ ቢያልቅም ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በየዓመቱ ዋጋዋን ገምቶ ቢል ይልካል። ፌርፋክስ ካውንቲ ለዓመታት ሲያስከፍል የኖረው ከ100 ዶላር 4.57 ነው። 12,000 ዶላር የምታወጣ ያገለገለች ካምሪ ያለው ሰው ስቴቱ የሚሸፍንለት ቅናሽ ሳይነሳለት 548 ዶላር ይመጣበታል። ባልም ሚስትም የሚነዱበት ቤት ሁለት ቢል ይደርሰዋል። የመጨረሻው መክፈያ ቀን ኦክቶበር 5 ነው፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ኪስ አራግፈው ባለፉ ማግስት።

ኧርል ሲርስ ይህ ታክስ ጭራሹን ይቅር አሉ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። እዚህ አገር መኪና ቅንጦት አይደለም። ደለስ ኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ የሚገባ ሰው ያለ መኪና ሥራውን ይዞ መቆየት ይከብደዋል። ታክሱ ደግሞ የመኪናዋን ዋጋ እንጂ የባለቤቷን ገቢ አያይም።

ግን ቨርጂኒያ ይህን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ አልነበረም። በ1997 ጂም ጊልሞር የተባሉ ሪፐብሊካን «የመኪና ታክስ ይቅር» ብለው ገዥ ሆነው ተመርጠዋል። በ1998 ሕግ ወጣ። ከመኪናው ዋጋ የመጀመሪያው 20,000 ዶላር ላይ የሚመጣውን ታክስ ስቴቱ ቀስ በቀስ በባለመኪናው ፈንታ ለካውንቲው እየከፈለ ሊሄድ፣ በ2002 ደግሞ ሙሉውን ሊሸፍን ነበር ዕቅዱ። 70 በመቶ ላይ ሲደርስ ገንዘብ አጠረና ቆመ። በኋላም ስቴቱ በዓመት ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ አልከፍልም ብሎ ጣሪያ አበጀለት። መኪናው በዛ፣ ዋጋውም ናረ፤ ያቺው 950 ሚሊዮን ግን አልጨመረችም። ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ቅናሽ እየሳሳ የመጣው በዚህ ነው።

ችግሩ የገዥ ፍላጎት ማጣት ብቻ አይደለም። ታክሱን የሚሰበስቡት ካውንቲዎችና ከተሞች ናቸው። የአስተማሪ ደመወዝ፣ እሳት አደጋ፣ ፖሊስ ከዚያው ቋት ይወጣል። ታክሱ ሲነሳ ስቴቱ ካልተካው ካውንቲው የቤት ታክስ ላይ መጨመሩ አይቀርም። ያ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ተከራዩ ላይ ይወድቃል። እጩዋን መጠየቅ የነበረብን ይህን ነው፦ የሚጎድለው ከየት ይሞላል? በዘመቻው አሳማኝ መልስ አልሰማሁም። ጠንክሮ የጠየቃቸውም ብዙ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሾፌሮቻችን ነገር ነው። የስቴቱ ቅናሽ የሚሰጠው ለግል መገልገያ መኪና ብቻ ነው። በዓመቱ ከተነዳው ማይል ከግማሽ በላዩ የሥራ ወጪ ተብሎ በፌዴራል ታክስ ላይ ከተቀነሰ መኪናዋ የንግድ ትባላለች፤ ቅናሹም ይቀራል። ሙሉ ጊዜውን ኡበርና ሊፍት የሚነዳ ወንድማችን ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ማይሉን ካላስቀነሰ የፌዴራል ታክሱ ይቆልላል። ካስቀነሰ የካውንቲውን ሙሉውን ይከፍላል። ለመዝናኛ የምትነዳ መኪና ቅናሽ እያገኘች፣ የልጆች እንጀራ የምታወጣው ሳይቀነስላት ትከፍላለች። ይህን ፍትሕ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ልስማው።

እኛ በዚያ ሰሞን ስንከራከር የነበረው በአብዛኛው ስለ ውርጃና ስለ ጾታ ጉዳይ ነው። የኧርል ሲርስም የመጨረሻ ሳምንታት ማስታወቂያዎች በጾታ ለውጥ ጉዳይ ላይ አተኩረው ነበር። ውርጃ ላይ አቋማቸው ግልጽ ነው። ምክትል ገዥ ሳሉ የፅንስ ማቋረጥ መብትን የሚመለከተውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሥራ ግዴታቸው ሲፈርሙ፣ በሕሊናቸው እንደሚቃወሙት በእጃቸው ጨምረው ጽፈዋል። ላመኑበት መቆማቸውን አከብራለሁ። ሆኖም በቨርጂኒያ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ አልፎ ወደ ሕዝብ ድምፅ ነው የሚሄደው። ገዥ ውድቅ ሊያደርገው አይችልም።

የስደተኞች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ገዥ የነበሩት ግሌን ያንግኪን በፌብሩዋሪ 2025 የስቴቱ ፖሊስ ከኢሚግሬሽን ፖሊስ ጋር እንዲሠራ ያዘዙት በራሳቸው ፊርማ ነው። ኧርል ሲርስ ይህን ደገፉ፤ ስፓንበርገር እሰርዘዋለሁ አሉ። ወረቀቱ ያላለቀለት ዘመድ ላለው ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። የገዥ ብዕር በቀጥታ የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከሹክሹክታ ያለፈ ንግግር አልሰማሁም።

የመኪና ታክሱ ዛሬም አለ። ቨርጂኒያ ገዥዋን ለተከታታይ ሁለት ዘመን አትመርጥም፤ ስፓንበርገር ያላቸው አራት ዓመት ነው። ሙሉ ስረዛው ገንዘብ እስኪገኝለት ይጠብቅ እንበል። የሾፌሮቹ ግን መጠበቅ የለበትም። የምጠይቀው ይህን ነው፦ በራሱ አንድ መኪና ሠርቶ የሚያድር ሰው እስከ 20,000 ዶላር ድረስ እንደማንኛውም ነዋሪ ቅናሹን ያግኝ። ይህ የምክር ቤት ሥራ ነው። ጉባኤው ሪችመንድ ውስጥ በየዓመቱ ጃንዋሪ ይከፈታል። ከዚያ በፊት የአሌክሳንድሪያና የፌርፋክስ ተወካዮች ቢሮ ሾፌሮቹ ቢላቸውን ይዘው ይግቡ፤ ሪፐብሊካንም ይሁን ዴሞክራት፣ ሕጉን አሻሽሎ የሚያቀርብ ተወካይ ስም እስኪያገኙ ድረስ ይመላለሱ።