እንጨቱ ይቀቀል ወይስ ይፈጭ? በወረቀት አሠራር ላይ የቀረበ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ የዘመናችን የወረቀት ፋብሪካ እንጨትን ወደ ፐልፕ፣ ማለትም ወረቀት ወደሚሠራበት የተላቀቀ ቃጫ፣ ሲለውጥ በኬሚካል ቀቅሎ ቃጫዎቹን የሚያጣብቀውን ሊግኒን ቢያስወጣ ይሻላል ወይስ ሊግኒኑን እንዳለ ትቶ በማሽን ቢፈጨው? ሁለቱ ተከራካሪዎች በየተራ ሁለት ሁለት ጊዜ ጽፈዋል።

የቅቀላው ደጋፊ

እንጨት የሴሉሎስ ቃጫዎች ሊግኒን በሚባል ንጥረ ነገር ተጣብቀው የሚገኙበት አካል ነው። ለወረቀት የሚፈለገው ቃጫው ሲሆን፣ ሊግኒኑ ግን እንደ ጥድ ባሉ ዛፎች ውስጥ ከእንጨቱ ሩቡን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ይይዛል። ይህ ማጣበቂያ መውጣት አለበት እላለሁ። ጀርመናዊው ካርል ዳል እ.ኤ.አ. በ1879 የደረሰበት የክራፍት ዘዴ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ቅርፊቱ የተላጠ ግንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከተፋል፤ ከዚያም ኮስቲክ ሶዳና ሶዲየም ሰልፋይድ ባለበት ፈሳሽ ተነክሮ፣ ግፊት በሚችል ግዙፍ ጋን ውስጥ 170 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቀቀላል። ሊግኒኑ ሲሟሟ ቃጫዎቹ ሳይሰባበሩ እርስ በርስ ይላቀቃሉ።

ስለዚህ ዘዴ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከጋኑ የሚወጣው ፐልፕ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ አብሮት የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ የሚሄድበት መንገድ ነው። የሟሟውን ሊግኒንና ያገለገለውን ኬሚካል የያዘው ይህ ፈሳሽ ውሃው በትነት እየተቀነሰ ይወፍራል፤ ደረቅ ይዘቱ 65 በመቶና ከዚያ በላይ ሲደርስም ወደ ልዩ ቦይለር ተረጭቶ ሊግኒኑ እንደ ማገዶ ይነዳል። ከቦይለሩ ሥር ቀልጦ የሚወርደው ሶዲየም ካርቦኔትና ሶዲየም ሰልፋይድ በውሃ ይሟሟል፤ ካርቦኔቱ ከኖራ ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ኮስቲክ ሶዳ ይሆናል፤ ከዚህ የሚተርፈው የኖራ ዝቃጭም በምድጃ ተቃጥሎ እንደገና ኖራ ይሆናል። በአግባቡ የሚሠራ ፋብሪካ ከመቀቀያ ኬሚካሉ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን በዚህ ዑደት መልሶ ይጠቀምበታል። ከቦይለሩ የሚገኘው እንፋሎት ተርባይን ያዞራል፤ ወረቀቱንም ያደርቃል። አዳዲሶቹ የፐልፕ ፋብሪካዎች ከራሳቸው ፍጆታ የሚተርፍ ኤሌክትሪክ እስከ መሸጥ ደርሰዋል።

ጥቅሙ የሚታየው በወረቀት ማሽኑ ላይ ነው። በሚንቀሳቀሰው ወንፊት ላይ የሚፈስሰው ድብልቅ 99 በመቶው ውሃ ነው። ውሃው በወንፊቱ ይንጠፈጠፋል፣ በመጭመቂያ ሮለሮች መካከል ይጨመቃል፣ የቀረው ደግሞ በእንፋሎት በሚሞቁ ሲሊንደሮች ላይ ይተንናል። ይህ ሁሉ በፈጣን ማሽኖች ላይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይከናወናል። ገና ያልደረቀው ስስ ወረቀት ከአንዱ ሮለር ወደ ሌላው ሲሳብ ቢበጠስ ማሽኑ ምርት ያቆማል። እንዳይበጠስ የሚያደርገው ረጅም፣ ተጣጣፊና ከጎረቤቱ ጋር በደንብ የሚተሳሰር ቃጫ ሲሆን፣ ይህም ከቅቀላ የሚገኝ ነው። ለረጅም ዘመን ለሚቀመጡ ሰነዶች የወጣው አይኤስኦ 9706 የተባለው መስፈርት በወረቀቱ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ሊግኒን በጥብቅ መወሰኑም ያለ ምክንያት አይደለም።

የፍጨታው ደጋፊ

ተከራካሪዬ የጥቁሩን ፈሳሽ ጉዞ እንዲህ አሳምረው ሲተርኩ አንድ ቁጥር ዘለዋል። አንድ መቶ ኪሎ ደረቅ እንጨት ወደ መቀቀያው ጋን ቢገባ የሚወጣው ፐልፕ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ነው። ቅቀላው ሊግኒኑን ብቻ ለይቶ አያወጣም፤ ሄሚሴሉሎስ የሚባለውን፣ ለወረቀት ሊውል ይችል የነበረውን የእንጨቱን ክፍልም በብዛት አሟሙቶ ይወስዳል። እርሳቸው ማገዶ ብለው ያወደሱት ነገር፣ ተተክሎ፣ ለዓመታት አድጎ፣ ተቆርጦና ተጓጉዞ የመጣ ዛፍ ግማሹ ነው። በፍጨታ ግን ከእንጨቱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ብዙ ጊዜም 95 በመቶ ገደማው፣ ወረቀት ይሆናል።

አሠራሩም እንደሚታሰበው ጭካኔ የተሞላበት አይደለም። ቁርጥራጩ በመጀመሪያ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ እንፋሎት ይሞቃል፤ ሊግኒኑ ሲለሰልስ ጎድጓዳ መስመሮች ባሏቸው ሁለት የብረት ዲስኮች መካከል ይገባል፤ ዲስኮቹ በፍጥነት ሲሽከረከሩም ቃጫዎቹን ይገነጣጥሏቸዋል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው እንፋሎት አብዛኛው ተሰብስቦ ለወረቀቱ ማድረቂያ ይውላል፤ ይህን ተከራካሪዬ አላነሱትም። ከቃጫው ጋር የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ብርሃንን ስለሚበትን፣ ስስ ጋዜጣ በሁለቱም ገጽ ሲታተም የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት አያሳይም። በዚህ ረገድ የተቀቀለ ፐልፕ ከተፈጨው ጋር እኩል ለመሆን ወይ መወፈር ወይ ብዙ የማዕድን መሙያ መቀበል ይኖርበታል።

ስለ ዘላቂነት የተነሳው ነጥብ ግማሽ እውነት ነው። የተፈጨ ፐልፕ ፀሐይ ላይ ሲውል በሊግኒኑ ምክንያት ቢጫ እንደሚሆን አልክድም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ታትመው ገጻቸው ሲነካ የሚፈረካከሰው መጻሕፍት ጥፋት ግን በዋናነት የሚያርፈው ወረቀቱ ቀለም እንዳይመጥ ይጨመር በነበረው አሉምና ሙጫ አሲድነት ላይ ነው። የተቀቀለ ፐልፕም ያንኑ አሲድ ከያዘ አብሮ ይፈረካከሳል።

ሽታውንም እንዳንረሳው። ከክራፍት ፋብሪካ የሚወጡት ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ሜቲል መርካፕታን በጣም በጥቂቱ እንኳ አፍንጫ የሚለያቸው ጋዞች ስለሆኑ፣ ከፋብሪካው ራቅ ብሎ የሚኖር ሰው ሳይቀር ያውቃቸዋል። ፐልፑን ለማንጣት በክሎሪን ጋዝ ይጠቀሙ ከነበሩ ፋብሪካዎች በታች ባሉ ውሃዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዳይኦክሲን የተባለ መርዛማ ኬሚካል መገኘቱም የሚታወስ ነው።

የቅቀላው ደጋፊ

የዳይኦክሲኑ ክስ የትናንት ነው። ከዚያ ግኝት በኋላ ፋብሪካዎቹ የክሎሪን ጋዝን እየተዉ ወደ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ፣ አንዳንዶቹም ወደ ኦክስጅን፣ ኦዞንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ዞረዋል፤ ዳይኦክሲኑም በእጅጉ ቀንሷል። ሽታውን በተመለከተ ጋዞቹ ተሰብስበው ይቃጠላሉ፤ ፈጽሞ ጠፍቷል ግን አልልም።

እንጨት አተረፍን የሚሉት ተከራካሪዬ ታዲያ የኤሌክትሪኩን ሂሳብ ለማን ተዉት? ለጋዜጣ የሚሆን አንድ ቶን ፐልፕ በእነዚያ ዲስኮች ለመፍጨት ከ2,000 እስከ 3,000 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የእኔ ፋብሪካ ኃይሉን ከዚያው ከዛፉ ሲያገኝ፣ የእርሳቸው ከውጭ ይገዛል፤ ያ ኃይል ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ከሆነ ከጫካው የተረፈው በጭስ ማውጫው በኩል ይሄዳል። ጋዜጣውም ቢሆን በተፈጨ ፐልፕ ብቻ አልቆመም፤ ማሽኑ ላይ እንዳይበጠስ የተቀቀለ ረጅም ቃጫ ሲጨመርበት ኖሯል። የሲሚንቶ ከረጢት ከተፈጨ ፐልፕ ሊሠራ እንደማይችል ደግሞ እርሳቸውም የሚክዱ አይመስለኝም።

የፍጨታው ደጋፊ

የሲሚንቶ ከረጢቱን ሳልከራከር ለቅቄያለሁ፤ ሃምሳ ኪሎ ተሸክሞ የሚወረወር ነገር የተቀቀለ ቃጫ ይገባዋል። የኤሌክትሪኩም ክስ ትክክል ነው፤ ሆኖም መልሱ ኃይሉ ከየት ይመጣል በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ወራጅ ውሃ በሚያመነጨው ኃይል የሚሠራ መፍጫ የከሰሉን ክስ አይሸከምም፤ የእንጨቱ ግማሽ መቃጠል ግን ኃይሉ ከየትም ቢመጣ አይለወጥም።

ደግሞም የተቀቀለ ቃጫ ጥንካሬው በአንድ ዙር የሚለካ አይደለም። ደርቆ እንደገና በውሃ ሲርስ ይደድራል፣ የመተሳሰር አቅሙም ይቀንሳል። የተፈጨው ቃጫ ከመጀመሪያውም ደረቅ ያለ ስለሆነ በዚህ የሚጎዳው ያነሰ ነው። አሮጌ ወረቀት ተሰብስቦ መልሶ በሚሠራበት ዘመን ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የመድኃኒትና የሽቶ ማሸጊያ የሚሠራበት ካርቶን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለነገሬ ይቀርባል። ጠርዙን በጥንቃቄ ሲሰነጥቁት ንብርብሮቹ ይታያሉ፤ በብዙው ዓይነት ሁለቱ የውጭ ንብርብሮች ከተቀቀለ ፐልፕ የተሠሩ ሲሆኑ፣ መካከሉ ከተፈጨ ፐልፕ ነው። የውጩ ጥንካሬና ለኅትመት የሚመች ገጽ ይሰጣል፤ መካከለኛው ደግሞ በትንሽ ክብደት ውፍረት ስለሚሰጥ ካርቶኑ ሳይጎብጥ ይቆማል። እኔ የምቃወመው ቅቀላን አይደለም፤ ተነብቦ በማግስቱ ለሚጣል ገጽና ለካርቶን መካከለኛ ንብርብር ሲባል የዛፉን ግማሽ ወደ ቦይለር መላክን ነው።