«እስከ»

የቤት ኢንተርኔት ለማስገባት በፈረምሁበት ውል ላይ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚለው ፍጥነት በደማቁ ተጽፎ ነበርና ዐይኔ እሱ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ከፊቱ ኮስመን ብላ የተቀመጠችውን «እስከ» የምትባል ቃል ግን ከነመኖሯም አላስተዋልኋትም። ውሉን የምታስተዳድረው እሷ መሆኗን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዜሮም እኮ «እስከ 100» በሚባለው ክልል ውስጥ አለች፤ ኢንተርኔቱ ጨርሶ በማይሠራበት ዕለትም ቢሆን ድርጅቱ ቃሉን አላጠፈም ማለት ነው።

መስመሩን የሚዘረጋው ባለሙያ «ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ» እንደሚመጣ ተነገረኝ። ከሥራ ቀርቼ በር በሩን ሳይ ዋልሁ፤ አልመጣም። በሁለተኛው ቀጠሮ ገላዬን መታጠብ እንኳ ፈርቼ፣ የጎረቤት በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እያልሁ መሸ። በሦስተኛው ቀን ቆሻሻ ልጥል ለአምስት ደቂቃ ብወጣ «ቤትዎ መጥተን አላገኘንዎትም» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ፤ ከረጢቱን እንዳንጠለጠልሁ ብሮጥም የደረስሁት መኪናው ሲታጠፍ ጀርባውን ለማየት ብቻ ነበር። (ሰውዬው የቆሻሻ ቅርጫቴን ከየት ሆኖ ይከታተል እንደነበር አሁንም አልተገለጠልኝም።)

በአራተኛው መጣ። ፋይበር የሚባለው ገመድ እምብርቱ ከፀጉር የቀጠነ መስታወት መሆኑን፣ አጥብቀን ካጠፍነውም ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ እንደሚባክን አስጠንቅቆን፣ ራውተሩን ከጫማ መደርደሪያው ኋላ ተከለልን። ለምን እዚያ? «ገመዱ የሚደርሰው እስከዚህ ነዋ!»

ከዚያ ወዲህ ቤተሰባችን ሳሎኑን ትቶ መግቢያው ላይ ይኖራል። ራውተሩ ዋይፋዩን ከሚያሰራጭባቸው ሁለት ሞገዶች ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዙ ግድግዳ ሲያይ ይደክመዋል፤ የ2.4ቱ በአንጻሩ ግድግዳውን ይሻገራል፣ ነገር ግን ማይክሮዌቭ ምድጃውም የሚሠራው በዚያው አካባቢ ባለ ሞገድ ስለሆነ፣ ምሳ ባሞቅን ቁጥር የስብሰባችን ሰብሳቢ አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ሪፖርቴን የማቀርበው ጫማ መሃል ቁጢጥ ብዬ ነው።

ለአቤቱታ ስደውል የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ «አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ፤ የሚያናድደው መሥራቱ ነው። ፋይል ሳወርድ ፍጥነቱ ከ12 ብዙም እንደማያልፍ ስነግራትም፣ ውሉ ላይ ያለው ሜጋቢት፣ እኔ የማየው ደግሞ ሜጋባይት መሆኑን፣ 1 ባይትም 8 ቢት ስለሆነ 100 ለ8 ሲካፈል 12.5 እንደሚመጣ፣ ልጅ እንደሚያስጠና ሰው ረጋ ብላ አስረዳችኝ። «እሱም ቢሆን እስከ 12.5 ነው» ስትል አከለችበት።

እንግዲያው እኔም ወርሃዊ ሂሳቤን «እስከ» እያልሁ መክፈል ይፈቀድልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። ለአፍታ ዝም ካለች በኋላ የኪቦርድ ድምፅ ተሰማኝ።

«ጥያቄዎን መዝግቤልዎታለሁ፤ እስከ 15 የሥራ ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ምላሽ ያገኛሉ።»