ይድረስ ለተከበሩ 4096፣ ባሉበት

ጉዳዩ፡- ማክሰኞ ዕለት ኮምቦልቻ ላይ ስላዋረዱኝ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን ከደሴ ጉም ጋር አቀርባለሁ። እርስዎ ደህና ለመሆንዎ አልጠራጠርም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1985 386 የሚባለውን ፕሮሰሰር ካወጣ ጀምሮ፣ ኮምፒዩተር ሚሞሪውን የሚከፋፍልበት ቁራጭ (ገጽ ይሉታል) 4096 ባይት ነው ተብሎ ወንበር ላይ ነዎት። አርባ ዓመት ከወንበር አለመነሳት እኛ አገር... ይቅር፣ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም።

ሥራው ቀላል ነበር። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ (ስሙን አልጠራም፣ ገና አልከፈለኝም) የመኪና ሚዛኑን ንባብ በስክሪን ማየት ፈለገ። ለሊኑክስ ከርነል (ለሲስተሙ እምብርት) ትንሽ ድራይቨር፣ ማለትም ከሚዛኑ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም ጻፍኩ። ድራይቨሩ ንባቡን ሚሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ንባቡ ያለበትን ገጽ ለፕሮግራሜ ማፕ ያደርግለታል (በቀጥታ እንዲያየው ይከፍትለታል)፣ ፕሮግራሙ ያነባል። ደሴ፣ ሆጤ ያለችው ክፍሌ ውስጥ፣ በኢንቴል ላፕቶፔ፣ ሁለት ወር ሠራ። አንድ ኪሎ አልሳተም።

ማክሰኞ ጠዋት ራስበሪ ፓይ 5 የምትባለውን ትንሽ ኮምፒዩተር በፌስታል ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ድራይቨሩን እዚያው ኮምፓይል አደረግሁት (ወደ ማሽኑ ቋንቋ አስተረጎምኩት)። አንድ ማስጠንቀቂያ እንኳ አልወጣም። ስንዴ የጫነ ኤፍ ኤስ አር ሚዛኑ ላይ ወጣ። ከኋላው ስድስት መኪና ተሰልፏል። ስክሪኑ አየ አየና፦ 0 ኪሎ።

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ወንድሜ፣ ነፋስ ነው እንዴ የጫንኩት?»

ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና እንዲወጣ ለመንኩት። ሄደ፣ ወጣ። 0። አጥፍቼ አበራሁት። ቀጣዩ መኪና ወጣ። አሁን ቁጥር መጣ፦ 1953460082 ኪሎ። ሁለት ቢሊዮን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ከሰልፉ አንዱ ረዳት «ወላሂ የጦሳን ተራራ ጭኖ ነው የመጣው!» አለ። ሳቁ እስከ በሩ ሄደ። ዘበኛውም ሳቀ፤ እሱ እንኳ ስክሪኑ አይታየውም ነበር።

ሚዛኑን ለብዙ ዓመት የያዙት ጋሼ ብቻ አልሳቁም። መሳቢያ ከፈቱ። ደብተር አወጡ። ካርቦኑን አስገቡ። «ልጄ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ፤ መኪና ቆመ» አሉኝ። ፈቀቅ አልኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ምንም አላለኝም። እሱ ነው የባሰው።

ማታ ነገሩን ፈታሁት። የዚያች ሚጢጢ ቦርድ ከርነል ገጹን የሚቆጥረው በ16384 ባይት ነው። እኔ ደግሞ ድራይቨሩ ውስጥ እርስዎን በእጄ ጽፌዎታለሁ። አድራሻውን ለ4096 አካፍዬ የገጽ ቁጥር ሰጠሁ፤ ከርነሉ ያንን ቁጥር በ16384 አባዛው። አራት እጥፍ። 256ኛው ሜጋባይት ግድም ያስቀመጥኩትን ንባብ 1024ኛው ሄዶ ፈለገው። ኮምቦልቻ ላይ «ወራጅ አለ» ልል ተሳፍሬ ከሚሴን አልፌ ነቃሁ ማለት ነው። ያ የሁለት ቢሊዮን ቁጥርም ሲፈታ «root» የሚሉ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ሆነ። የሰው ገጽ ነበር የማነበው።

ካገኘሁዎት ላይቀር የቆየውንም ልናገር። አልፋ የሚባሉት የድሮ ፕሮሰሰሮች ገጹን በ8 ኪሎባይት ይቆጥሩ ነበር። ባለ 64 ቢት አርም (የዚያች ቦርድ ፕሮሰሰር ዓይነት) 4፣ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ምረጡ ይላል፣ እንደ ምግብ ቤት። ላፕቶፔ ላይ አንድ ገጽ ሲቀየር በየኮሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው በየአንዱ ሠራተኛ) በር እየዞሩ «የድሮውን እርሱት» ማለት ያስፈልጋል፤ አርም ላይ በአንድ ትእዛዝ ለሁሉም ይነገራል፣ እንደ ዕድር ጥሩምባ።

ፕሮግራም የሚጠራውን አድራሻ ወደ እውነተኛው የሚሞሪ ቦታ ለመተርጎም የሚኬድበት መንገድ ግን ብቻውን ደብዳቤ ይወጣዋል። ተራ ላፕቶፕ ላይ አራት ሰንጠረዥ ነው፤ አንዱ ወደሌላው ይመራል፣ አራተኛው ገጹ የት እንዳለ ይነግራል። መታወቂያ ያሳደሰ ሰው አራት ቢሮ አይከብደውም። ኢንቴል አምስተኛ ሲጨምር ግን ሊኑክስ ውስጥ ለሁሉም ማሽን አምስት ደረጃ ተብሎ ይጻፍ ጀመር። አምስተኛው የሌለበት ማሽን ላይም በስሙ ማለፍ ግድ ነው። ቢሮው የለም፣ ሠራተኛ የለውም፣ ግን «በዚያ በኩል አልፏል» መባል አለበት። ይኼን ያሰበው ሰው አንድ ጊዜ የእኛ ቀበሌ ሠርቶ መሆን አለበት።

ዜሮው አላናደደኝም። ዜሮን ረዳትም ያውቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን ያልከደንኩት በሌላ ነው። ያ የሰው ገጽ 6200 የሚል፣ እውነት የሚመስል ቁጥር ይዞ ቢሆንስ? ማን ይስቃል? ሹፌሩ ይፈርማል። እህሉን የሰጠው የጃማ ገበሬ ሃያ ኩንታል ይጎድለዋል። ለምን ቢል «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» ይባላል። እዚህ አገር ኮምፒዩተሩ ነው ካለ በኋላ ይግባኝ እንደሌለ ታውቃለህ? ኮምፓይለሩ ዝም። ከርነሉ ዝም። አንተ ዝም። ስህተት ከሆንክ ምናለ ብትጮህ? ብትሰብረው፣ ብታጠፋው፣ ስክሪኑን ብታጨልመው? የሰው ላብ ላይ ዝም ብለህ ቁጥር ታወጣለህ?

አዎ፣ ከርነሉ የገጹን መጠን በስም አስቀምጦልኛል። ብጠራው ትክክለኛውን ይሰጠኝ ነበር። አልጠራሁትም። ባለጉዳዩን ሳይጠይቅ ፎርም እንደሚሞላ ጸሐፊ እጄ እርስዎን ጻፈ። (ወደ «እርስዎ» ተመልሻለሁ፤ ተረጋግቻለሁ።)

ሰባት ቦታ ነው ያገኘሁዎት። ሰባቱንም ሰርዣለሁ። ሐሙስ እንደገና እወርዳለሁ፤ ጋሼ ደብተራቸውን እንዲያስቀምጡ ግን አልጠይቃቸውም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፡-
ለ16384፣ እንዲያውቁት
ለ65536፣ ተራዎን ይጠብቁ
ለጋሼ፣ በካርቦን